ለሌሊት ወፎቹ የወተፍነው ጠጉር

በእኛ አገር ለሚሞት ነገር ሁሉ ምክንያቱ ብርድ ነው። ሰው ሆዱን ቢቆርጠው ብርድ ነው፣ ወገቡን ቢይዘው ብርድ ነው፣ በግ ጠዋት ጉሮኖው ውስጥ ደርቆ ቢገኝም ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም። አንኮበር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጉም ቤት ድረስ ገብቶ አልጋ በሚያረጥብበት ቀዬ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያስባል? እኔ ደግሞ ያደግሁት በባና ሸማኔ ቤት ነው። ሰው ስለሚበርደው ከበግ ጠጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ ባና ይገዛል፤ ሰው ባና ስለሚገዛ እኛ በልተን እናድራለን። ይህን ሁሉ የምለው ለማስተባበል እንዳይመስልብኝ። ምናልባት ትንሽ ለማስተባበል ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባና ሠርተዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሽመናውን ትተው፣ ጠጉሩን በእጃቸው እየዳሰሱ የግልገሉን ካሮጌው፣ የጀርባውን ከሆዱ መለየት ሆኗል ሥራቸው። እኔም ደብረ ብርሃን የነበረኝን ኑሮ ጠቅልዬ ከእሳቸው ጋር ለመኖር ተመለስኩ። የሰፈሩ ሴቶች የፈተሉትን እሰበስባለሁ፣ ሸማኔ አሠራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄጄ እሸጣለሁ። ከመኖሪያችን አጠገብ፣ ወደ ገደሉ ጠጋ ብሎ፣ የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት አለን። ተሸልቶ የመጣውን ጠጉር የምናኖርበት ስለሆነ የጠጉር ቤት እንለዋለን። በዚያ ቤት ጣራ ውስጥ የሌሊት ወፎች ይኖሩ ነበር። «ነበር» ማለቱ አሁንም ምላሴን ይይዘዋል።

ትንንሾች ናቸው። ክንፋቸውን አጥፈው የጣራው ወራጅ እንጨት ላይ ሲንጠለጠሉ ካውራ ጣት አይበልጡም። ፍሬ አይበሉም፤ የሚበሉት የሚበርሩ ነፍሳት ብቻ ነው፤ ትንኝ፣ የእሳት ራት፣ ብል። ብል ደግሞ የኛ የሥራ ጠላት ነው፤ ጠጉር ውስጥ ከተራባ የዓመት ልፋት ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ሌላው ሰው ብልን ለመከላከል ጠጉር ቤቱን በጭስ ያጥናል። አባባ ግን የሌሊት ወፎቹ የሚወልዱበትና የሚያጠቡበት ጊዜ ነው እያሉ፣ ከፋሲካ እስከ ክረምት መግቢያ በዚያ ቤት ጭስ እንዲጨስ ፈቅደው አያውቁም። የሰው ባና ሲበሳ የኛ አይበሳም። ገበያተኛው ቤታችሁ የተባረከ ነው ይላል፤ አባባ ደግሞ «በረከቱስ ከእግዜር ነው፣ ሠራተኞቹ ግን ጣራ ውስጥ ናቸው» ይላሉ።

ብቻዋን የምትኖር አንዲት ጎረቤት አለችን፤ ካባባ ጋር ሳይላከፉ አይውሉም። የሌሊት ወፍ ሽንት ራስ ይመልጣል ብላ ታምናለችና «የርስዎ መላጣ ከነሱ ነው፣ ሌላ ከየትም አይደለም!» ትላቸው ነበር።

«ራሴ ቢመለጥ ምናለበት፣ ባናዬ አልተመለጠ!» ይላሉ እሳቸው።

ጣራውን ከሁለት ዓመት በፊት ከጓሳ ሳር ወደ ቆርቆሮ ያስለወጥኩት እኔ ነኝ። ጓሳ እንደ ድሮው አይገኝም፤ የሚከድነውም ሰው ጠፍቷል። እውነቱን ለመናገር ግን አፍሬም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ አብለጭልጮ የኛ ብቻ ሳር ለብሶ ሲታይ ያሳፍረኝ ነበር። ቆርቆሮውን ከደብረ ብርሃን በአይሱዙ አስጭኜ ሳመጣ አባባ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ይህ ነገር ወሬኛ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ አያስተኛንም» ብለው ሳቁ። የሌሊት ወፎቹ ጥቂት ጊዜ ጠፉና ተመለሱ። እንዲያውም በዙ። ድሮ ታች፣ ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል ስንጥቅ ውስጥ ነበር ብዙዎቹ የሚኖሩት። ከታች የሚመጡ ሰዎች አገሩ እንደ ምጣድ ግሏል ሲሉ፣ እነሱም ሸሽተው ወደኛ ወጡ አልን። ደስ አለኝ። እንግዳ የበዛበት ቤት መስሎኝ ኮራሁ። ካንኮበር በላይ ደግሞ ወዴት ይወጣሉ ብዬ አልጠየቅሁም።

ሬዲዮው የአየር ንብረት ለውጥ ባለ ቁጥር ስለሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። የቆላ ሰው ከብቱ ሲያልቅበት ከንፈሬን እመጥጣለሁ፣ ከዚያ ጣቢያ እቀይራለሁ። ውርጭ በበረታበት ሰሞን «ለኛስ ትንሽ ቢሞቅልን ምናለበት» ያልኩበት ቀንም አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነበር ያልኩት።

ዘንድሮ በልግ ቀረ። ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ጉሙም ቀረ። በልግ ሲሆን ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ መንደሩን ይሸፍናል፣ ቆርቆሮውን ሲያረጥበው ይውላል፤ ፀሐይ የምንላት ነገር ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ዘንድሮ ግን ሰማዩ ጠርቶ ቀረ። ሌሊቱ ይቆረጥማል፣ ቀኑ ይጠብሳል። የበልግ ገብስ የዘራ የለም። ማታ ማታ ኩራዝና አምፖል ከብቦ የሚያስቸግረን የእሳት ራት እንኳ አልነበረም። እኔ እፎይ አልኩ። የሚያጠቡት እናቶች ምን በልተው እንደሚያጠቡ አላሰብኩም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት የጠጉር ቤቱን ስከፍት ወለሉ ላይ ትንንሽ ነገሮች ወድቀው አየሁ። የደረቀ ቅጠል መሰሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሌሊት ወፎቹ ልጆች ናቸው፤ ጠጉር እንኳ ያላበቀሉ፣ ክንፋቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። አንዷን አነሳኋት። ቀዝቃዛ ነበረች።

የሞተ ነገር ሁሉ ሲያድር ይቀዘቅዛል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሞተው እዚያው አድረው ይሆናል ብሎ ማሰብ ምን ይከብዳል? እኔ ግን መዳፌ ላይ የተሰማኝ ቅዝቃዜ በቃኝ። በሩጫ ወጥቼ «አባባ፣ ብርድ እየፈጃቸው ነው!» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉልኝና መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ባውራ ጣታቸው ክንፏን ቀስ ብለው ዳሰሱት። «ምን ዓይነት ብርድ ነው ጃል!» አሉ። «እነዚህንም ይጨክንባቸዋል?» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሳሩ ያሞቃቸው ነበር። ቆርቆሮ ሌሊት በረዶ ነው» አሉ። ሊከሱኝ ብለው አይደለም፤ አባባ ነገር አይወጉም። እኔ ግን እንደ ክስ ሰማሁት፤ ቆርቆሮውን ያመጣሁት እኔ ነኛ። አንድ ነገር አድርጌ መካስ አለብኝ አልኩ።

መላው ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ኅዳር ገብቶ ውርጭ ሲጀምር የማይፈተለውን ተረፈ ጠጉር እየጠቀጠቅን የመኖሪያ ቤታችንን ቀዳዳ ሁሉ እንወትፋለን። የኛ ሰፈር ሸማኔ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሌላው ሰው ጭቃ በሚለስንበት ቦታ እኛ ጠጉር አለን። ለጠጉር ቤቱም እንደዚያው እናድርግ አልኩ። አባባ ተስማሙ፣ ተስማምተውም አልቀሩ፣ ተረፈ ጠጉሩን አምጥቼ ሳስቀምጥላቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ይሄን አይደለም» አሉ። «የግልገሉን አምጪው። ለሕፃን ነው እኮ የምንሰጠው።»

ለሕፃን ልጅ ባና ብለው ያስቀመጡት፣ የመጀመሪያ ሽልት፣ ከሁሉ የለሰለሰው ጠጉር ነበር። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እፍኝ በእፍኝ ፈለቀቁት። ጨጎጎቱን አንድ ባንድ እየለቀሙ ጣሉት፣ የሌሊት ወፎቹን እግር እንዳይዝ ብለው። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ እሳቸው ከሥር እያቀበሉኝ፣ በግድግዳውና በጣራው መሃል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ወተፍኩት። ከገደሉ የሚመጣው ንፋስ በዚያ ክፍተት ነበር የሚገባው። እጄን ባስገባሁ ቁጥር አንጓዬ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ይሰማኛል፤ ጠጉሩን ስጠቀጥቅበት ቀጥ ይላል። ያን ንፋስ በየቦታው ሳቆመው ደስ ይለኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከበሩ በላይ ብቻ መውጫ እንዲሆናቸው ትንሽ ቀዳዳ ተውኩ።

አመሻሹ ላይ አባባ እንደ ልማዳቸው የጠጉር ቤቱ በር አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ ቀናቸውን የሚዘጉት በዚያች ድንጋይ ላይ ነው። የሌሊት ወፎቹ ሲወጡ ክንፋቸው የሚያነሳው አየር ፊታቸውን ይነካቸዋል፤ እሱን ነው የሚጠብቁት። ያን ዕለት ወጡ። «ወጡ፣ ወጡ! ሞቋቸዋል!» ብለው እጃቸውን እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር እኔ ደብረ ብርሃን ዋልኩ። ባና ዞር ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። አንዱ ገበያተኛ «በዚህ ሐሩር ባና? እብድ ነሽ እንዴ!» ብሎኝ አለፈ፤ ከጎኔ የነበሩት ሴቶች ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ውኃ ገዝቼ ጠጣሁ። ፀሐዩ ዕቃዬ ላይ ሲመጣ ቀለሙን እንዳይበላው ብዬ ባናዎቹን ጥላ ውስጥ አስገባኋቸው። ለባና ጥላ ፈለግሁ! ያን ሁሉ ላብ ሳፈስ፣ ቆርቆሮ ሥር የቆለፍኩባቸው ነገሮች አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላሉኝም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሙቀቱ ራሴው ላይ ነበር፣ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ሙቀት ይገድላል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚገባበት በር አልነበረውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስኩ። አባባ ማኅበር ሄደው ነበር። ባዶ ጆንያዎቹን ላስቀምጥ የጠጉር ቤቱን ከፈትኩ፤ ሙቀቱ ፊቴን እንደ እጅ ገፋኝ። ሽታ ነበር። ከላይ ሁልጊዜ የምሰማው ጭርጭርታ አልነበረም። ቀና ብዬ ሳይ ወራጁ ላይ አንድም የለም። ሁሉም ወደ ግድግዳው ወርደው፣ ዙሪያውን ተደርድረው፣ አፍንጫቸውን ጠጉሩ ውስጥ ቀብረው ነበር። ንፋሱ ይመጣበት የነበረውን ቦታ ያውቁታል። ብዙዎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ክንፋቸው ሥር እንደያዙ ነበር።

መሰላሉን አምጥቼ ጠጉሩን መንጨት ጀመርኩ። አብረው እየወጡ መጡ፤ ያ ልስልስ ጠጉር ጥፍራቸውን ይዞ አልለቅ አለ። አንዱም አልተነቃነቀም። አለቀስኩ፣ ራሴን ሰደብኩ፤ ቀጥሎም ያለቅጥ ቸኮልኩ። አባባ ሳይመጡ ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው፤ ወለሉን ጠረግሁ፤ እጄን ታጠብኩ።

አባባ መጥተው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ጨለመ። «ምነው ዛሬ ዘገዩ?» አሉ።

«ሄደዋል አባባ» አልኳቸው። «ቅድም ገና ሳይመሽ ግልብጥ ብለው ወጡ። ወደ ገደሉ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ውሸት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ላሳዝናቸው አልፈለግሁም፤ ይህ እውነት ነው። ጠጉሩን ጨጎጎቱን እየለቀሙ የሰጡኝ እሳቸው ናቸውና፣ ብነግራቸው ግድያው የኔ ብቻ ሳይሆን የእጃቸውም እንደሚሆንባቸው አውቄያለሁ። ግን ደግሞ እሳቸው ፊት ገዳይ ሆኜ መቆም ፈራሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ እስከዛሬ ለራሴ አልመለስኩም።

አባባ አልተከፉም። ይባስ ብሎ ደስ አላቸው። «ልጆቻቸው ሞቋቸው ጠንክረው ነዋ! ይመጣሉ፣ ቤታቸውን የት ይተዋሉ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ እየወጡ ይጠብቁ ጀመር። ሌሊቱ ይቆረጥማል ብያለሁ። ግቡ ብላቸው እሺ አይሉም፤ ስለዚህ ጋቢ አምጥቼ እደርብላቸዋለሁ። በትከሻቸው ላይ አስተካክዬ ስደርብላቸው «ተባረኪ» ይሉኛል። እኔም ቤት ገብቼ እራት አቀርባለሁ። ጠጉሩ ውስጥ ብል መታየት ሲጀምር እሱንም ደበቅሁ፤ የተበላውን እየለየሁ ጣልኩ።

ያልጠበቅሁት ነገር አባባ መኩራታቸው ነበር። ለመጣው ሰው ሁሉ ያወሩት ጀመር፤ እኔና ልጄ ከብርድ አዳንናቸው፣ በግልገል ጠጉር አሙቀን ሰደድናቸው እያሉ። እኔ ዕቃ እያነሳሁ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ያች ጎረቤታችን ሰፌድ ይዛ መጣች። አባባ በር ላይ ጠጉር እየለዩ ነበር። እኔ የተፈተለ እያጠነጠንኩ ነው።

«የትናንቱ አልበቃኝም፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ» አለቻቸው።

«ያን ሁሉ? ግድግዳሽ እንዳፍሽ ሰፊ ነው መሰለኝ» አሉ አባባ እየሳቁ፣ እጃቸውም ወደ ግልገሉ ጠጉር ሄደ።

«ምኑ ነው ያልበቃዎት፣ እትዬ?» አልኳት።

ወደኔ ዞራ «ለማድቤቴ ነዋ! አባትሽ ሞገቱኝ። እኔም ጋ እኮ ጥቂት አሉ፣ የሌሊት ወፎች። ልጆቻቸው እየወደቁ ሲሞቱብኝ ብርድ ነው፣ እንደኛ አድርጊላቸው ብለው ጠጉር ሰጡኝ። የፀሐይ መውጫውን ጎን ትናንት ማታ ወትፌዋለሁ፣ የቀረኝ...»

«ያውጡት!» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «ያውጡት እትዬ! ሙቀት ነው የሚገድላቸው! የኛን የፈጃቸው ሙቀት ነው፤ የወተፍነው ጠጉር ነው!»

አባባ እጃቸው ጠጉሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አላየሁም፤ ተነስቼ ሮጥኩ።

የጎረቤታችን ማድቤት ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐዩ ገና ከረፋዱ አግሎታል። ጠረጴዛዋን ጎትቼ ወጣሁበትና ጠጉሩን በጣቴም በማማሰያም መንጨት ጀመርኩ። እሷ ከኋላዬ ደርሳ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ በሌላው በኩል ማገዶው ላይ ወጥታ ትነጭ ጀመር። የደረቁ ወደቁብን። አንዱን ግን ስነቅለው ጥፍሩ ጣቴን ያዘ። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ገላው የጋለ ነው። ክፍተቱ ተከፍቶ ንፋሱ ሲገባ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። እንደሱ ሌሎችም ነበሩ። ስንት እንደሞቱ አልቆጠርኩም፤ የተረፉት ግን ከሞቱት ያንሱ ነበር። እርጥብ ጆንያ ቆርቆሮው ላይ አለበስን፤ ያን ቀን እሳት ውጭ አነደደች። አመሻሹን እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። ጥቂቶች ወጡ።

ቤት ስመለስ አባባ ጠዋት የተውኳቸው ቦታ ነበሩ። ወደ ድንጋያቸው አልሄዱም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ከሷ ቤት ወጡ?» አሉኝ።

«ጥቂቶች ወጡ። ብዙዎቹ ሞተዋል።»

«የኛዎቹስ?»

«ሁሉም ሞተዋል አባባ። በወተፍን ማግስት፣ ቅዳሜ ነው፤ ገበያ ስውል። ከጀርባ ቀብሬያቸዋለሁ።»

ስለ ጠጉሩ የሚያነሱ መስሎኝ ነበር፣ ስለ እጃቸው። «እርስዎ አላወቁም፣ እኔ ነኝ» ልላቸው አዘጋጅቼ ነበር። እነሱን አላነሱም።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ የሷዎቹን እናተርፋቸው ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ምሽት ደጅ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፤ የማያየው ዓይናቸው ጆሮዬ አካባቢ ቆመ።

«ጋቢም ደርበሽልኝ ነበር እኮ» አሉ። «መርቄሽ ነበር።»

እኔም «አዎ አባባ» አልኳቸው።